ፖፕአፕ ብሎከሩ ኦን ሆኖ ፖፕአፑ አልቆም አለ፣ ኮፒ ቤት ላለው ሰው መላ በሉ

ኮፒቤት_ማራኪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ማራኪ ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሑፍና ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሶስት ኮምፒውተር አንድ ፕሪንተር ናት። ተማሪው ይመጣል ፋይል ያወርዳል አሳይመንት ያስፕሪንታል፣ የምዝገባ ሰሞን ደሞ ኦንላይን ፎርም የሚያስሞላው ሰው እስከ በር ይሰለፋል። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ታች ጥግ ላይ ሳይጠሩት ብቅ የሚል ነገር አለ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ኮምፒውተርህ ቫይረስ ገብቶበታል ይላል፣ አንዴ አይፎን ደርሶሃል ይላል፣ አንዴ ደሞ ለመናገር የሚያሳፍር የሴት ፎቶ ነው። በቀደም አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ፎርም ሊያስሞሉ መጥተው እኔ የልጅቷን የአያት ስም እየጻፍኩ ያ ፎቶ ዱብ አለላችሁ፣ እናትየው ነጠላቸውን ሳብ አርገው ፊታቸውን አዞሩ፣ እኔ ኤክሷን ልጫን ስል ኤክሷ ራሷ ሌላ ታብ ከፈተች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክሮም ላይ ፖፕአፕ የሚያግደውን ነገር አይቼዋለሁ፣ ኦን ነው፣ ግን ምንም አላገደም። አንቲቫይረስ ስካን አረኩ ንጹህ ነው አለኝ። ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ ደሞ ሶስቱም ፎርማት ካልተደረጉ አይድኑም ብሎ ዋጋ ጠራልኝ፣ ዋጋውን ስሰማ አመስግኜ ሸኘሁት። ሌላው ነገር ተማሪዎቹ ፒዲኤፍ የሚያወርዱባቸው ሳይቶች ላይ የትም ብትነካ አዲስ ታብ ይከፈታል፣ ዳውንሎድ የሚል ቁልፍ አራት አምስት ተደርድሮ የቱ እውነተኛው እንደሆነ አይለይም። ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል ፓኬጁም ምን እንደበላው ሳናውቅ ያልቃል። ፎርማት ከማድረጌ በፊት የምታውቁት ነገር ካለ በናታችሁ፣ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ግን አቅሜ አይደለም።


አዘዞ_ኬብል

አይ ወንድሜ ፎርማት ምናምን እንዳትገባ፣ ብታስደርግም ደንበኞችህ በሳምንቱ መልሰው ያመጡልሃል። አንተ እንደ አንድ የቆጠርከው ሁለት ሶስት የተለያየ ነገር ነው፣ መፍትሄውም ለየብቻ ነው።

ያ ጥግ ላይ የሚወጣው ቫይረስ አይደለም፣ አንቲቫይረሱ ንጹህ ያለህ እውነቱን ነው። የብሮውዘር ኖቲፊኬሽን ነው። አንዱ ተማሪ የሆነ ሳይት ከፍቶ ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ተጫን ሲለው ተጭኖታል፣ በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ያ ሳይት ክፍት ባይሆንም መልእክት የመላክ ፈቃድ አለው። ክሮም ደሞ መስኮቱን ዘግተኸውም ከጀርባ ሊሰራ ይችላል፣ ብሮውዘር ሳትከፍት ጭምር የሚመጣብህ ከሆነ በዛ ምክንያት ነው። ፖፕአፕ ብሎከሩ የሚያግደው አዲስ መስኮት ነው፣ ኖቲፊኬሽን ውስጥ አያገባውም።

ማጥፊያው እንዲህ ነው፣ ሶስቱን ነጥብ ትነካለህ፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። እዛ ውስጥ ወደ ታች ስትወርድ የተፈቀደላቸው ሳይቶች ዝርዝር ታገኛለህ፣ ስማቸውን አይተህ ትስቃለህ፣ አብዛኛው ለማንበብ የማይመች የፊደል ቁልል ነው። ሁሉንም ሪሙቭ በላቸው። ከዛ እዛው ከላይ ሳይቶች ኖቲፊኬሽን እንዳይልኩ የሚለውን ምረጥ፣ ከዚህ በኋላ አላው የሚለው ጥያቄ ራሱ ደንበኛው ፊት አይመጣም። ኮፒ ቤት ውስጥ ኖቲፊኬሽን ለማን ይጠቅማል፣ ሳታመነታ ዝጋው። ሲስተም የሚለው ውስጥ ደሞ ክሮም ሲዘጋ ከጀርባ መስራቱን ይቀጥል የሚለውን ኦፍ አርገው። ይሄን ሶስቱም ላይ አርግ፣ አንዱ ላይ አርገህ ሌላው ይቅር እንዳትል።

የታቡ ነገር ሌላ ጉድ ነው፣ ማታ እመለስበታለሁ አሁን ስራ ላይ ነኝ።


ፋሲል_እስከመጨረሻ

የታቡን ነገር እኔን ጠይቁኝ 😂 ነጻ ስትሪም ላይ ኳስ ለማየት የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ፕሌይ ስትል የቁማር ሳይት ይከፈታል፣ እሱን ዘግተህ ድጋሚ ፕሌይ ስትል ዌብካም ላይ ያለች ሴት፣ እሷን ዘግተህ ስትመለስ ጎረቤት ጎል ብሎ ይጮሃል። እኔ ብሬቭ ጭኜ ተገላገልኩ። አንበሳ ምልክት ያላት ብሮውዘር ናት፣ ኤክስቴንሽን ምናምን፣ ማለቴ ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ አትፈልግም ማገጃው አብሯት ይመጣል፣ ስልክም ላይ ኮምፒውተርም ላይ አለች፣ ክሮም በተሰራበት በክሮሚየም ስለተሰራች መልኳም ያው ስለሆነ ደንበኞችህ አይደናገሩም። የሚገርመው ከብሬቭ መስራቾች አንዱ ብሬንዳን አይክ ነው፣ በ1995 ኔትስኬፕ እያለ ፖፕአፑን ጭምር የሚከፍተውን የዌብ ገጽ የኮድ ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ የሰራው ራሱ ሰውዬ። የወለደውን ልጅ አሁን በር ላይ ቆሞ አትገባም እያለ ነው ማለት ነው።


አዘዞ_ኬብል

ተመለስኩ። ብሬቭ ጥሩ ናት አልቃወምም፣ መጀመሪያ ስትከፈት የምታሳይህን የክሪፕቶና የዋሌት ነገር ግን ደብቀው፣ ፎርም ሊሞላ የመጣ ሰው ምን ያረግለታል።

አሁን አዲስ ታብ የሚከፍተው ነገር እንዴት እንደሚሰራ ልንገርህ፣ እሱ ካልገባህ ነገ በሌላ መልክ ሲመጣ ትቸገራለህ። ፖፕአፕን ያመጣው ኢታን ዙከርማን የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ በፈረንጅ 1990ዎቹ ትሪፖድ የሚባል ሳይት ላይ ሲሰራ አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ከጸያፍ ገጽ ጋር አብሮ ታየ ብሎ አበደባቸው፣ እሱም ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት ኮድ ጻፈ። በ2014 ይቅርታ ጠይቋል ምስኪን፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ከዛ መስኮት እንደ ዝናብ መዝነብ ሲጀምር ብሮውዘሮቹ አንድ ህግ አወጡ፣ ገጽ በራሱ ጊዜ መስኮት መክፈት አይችልም፣ ሰው የሆነ ነገር ሲነካ ብቻ ነው የሚፈቀደው አሉ። አጭበርባሪዎቹ ታድያ ምን አረጉ መሰለህ፣ ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች የማይታይ ሽፋን አነጠፉበት። አንተ ፕሌይ ወይ ዳውንሎድ የነካህ ይመስልሃል፣ የነካኸው ግን ሽፋኑን ነው፣ ስክሪፕቱ፣ ገጹ ውስጥ የሚሰራው ኮድ ማለቴ ነው፣ ያንን ክሊክ ቀብ አርጎ መስኮት ይከፍትበታል፣ ብሮውዘሩም ሰው ነክቷል ብሎ ያሳልፈዋል። ያንተም ኤክስ እንደዛው ናት፣ ኤክስ የሚመስል ስእል ነው እንጂ መዝጊያ አይደለም። ለዚህ ነው ብሎከሩ ኦን ሆኖ የማይጠቅምህ።

ስለዚህ መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ከመሯሯጥ ስክሪፕቱ ራሱ እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ለዛ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባል ኤክስቴንሽን አለ፣ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሬይመንድ ሂል የሚባል ሰውዬ በ2014 የጀመረው ነው፣ መዋጮ ልስጥህ ብትለው እንኳ አይቀበልም። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ሰዎች በየጊዜው የሚያድሷቸው እንደ ኢዚሊስት ያሉ ዝርዝሮች አሉት፣ እዛ ውስጥ የማስታወቂያና የስለላ ሰርቨሮች አድራሻ ሞልቷል። ገጹ ስክሪፕት አምጡልኝ ብሎ ከነዛ አድራሻዎች አንዱን ሲጠራ ኤክስቴንሽኑ ጥሪውን እዛው ብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀረዋል። ስላልወረደ ዳታም አልበላም፣ ፓኬጅ ያልቃል ላልከው ትልቁ መልስ ይሄ ነው።

አንድ ችግር አለ፣ ክሮም ላይ አታገኘውም። ጎግል የኤክስቴንሽኖችን ህግ ቀይሮ ማኒፌስት 3 የሚለውን አምጥቶ፣ ኤክስቴንሽን እያንዳንዱን ጥሪ ራሱ እያየ እንዳያግድ ከለከለ፣ ኦሪጅናሉ ከ2024 ጀምሮ እየጠፋ ሄዶ በ2025 ሙሉ ለሙሉ ቀረ። ክሮም ላይ ያለህ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ነው፣ ያው ሰውዬ የሰራው ነው፣ ለዜና ገጽ ምናምን ይበቃል፣ ለእነዛ ፒዲኤፍ ሳይቶች ግን አቅሙ ያንሳል። ፋየርፎክስ የድሮውን አሰራር አልዘጋም፣ ስለዚህ የኔ ምክር ሶስቱም ላይ ፋየርፎክስ ጫን፣ ከራሱ ከሞዚላ የኤክስቴንሽን ገጽ ዩብሎክ ኦሪጅንን ጨምር፣ ክሮሙን ከዴስክቶፕ ላይ አንሳው።

ስሙን በደንብ አይተህ ጫን፣ ኦሪጅን የሚለው ቃል ከሌለ የሌላ ሰው ነው። በ2017 አድብሎክ ፕላስ የሚባለውን የታወቀ ማስታወቂያ ማገጃ ስምና መልክ የያዘ ፌክ ኤክስቴንሽን ክሮም ስቶር ላይ ተቀምጦ ከ37 ሺህ ሰው በላይ ከጫነው በኋላ ነው የተነሳው። ትክክለኛው አድብሎክ ፕላስም ቢሆን ተቀባይነት አላቸው ያላቸውን ማስታወቂያዎች ከ2011 ጀምሮ በነባሪ ያሳልፋል፣ ፈልገህ ካላጠፋኸው።


ሰሜን_ነፋስ

አዘዞ ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን ዝርዝር ላይ የተመሰረተ ነገር ሁሌም ከሌባው ኋላ ነው የሚሮጠው። ዛሬ የተከፈተ አድራሻ ነገ ነው ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው፣ በመሀል የከፈተ ሰው ተበላ። እኔ ኖስክሪፕት ነው የምጠቀመው፣ ጆርጆ ማኦኔ የሚባል ጣሊያናዊ ከ2005 ጀምሮ የሚሰራው ነው። እሱ ነገሩን ይገለብጠዋል፣ ማንም ሳይት ስክሪፕት ማስኬድ አይችልም እኔ ካልፈቀድኩለት በስተቀር። 2017 ላይ ኮይንሃይቭ የሚባለው ሲመጣ ትዝ ይላችኋል? ገጹን ስትከፍቱ ምንም ፖፕአፕ የለም ምንም አይታይም፣ ግን ስክሪፕቱ በናንተ ኮምፒውተር ሞኔሮ የሚባል የክሪፕቶ ገንዘብ ይቆፍራል፣ ላፕቶፑ ፋኑ ያጓራል ባትሪው ይሞታል፣ በ2019 እስኪዘጋ ድረስ ስንቱን ማሽን ሲያግሉ ከረሙ። ያኔ ኖስክሪፕት ያለው ሰው ወሬውን ከዜና ነው የሰማው። የሚያስቸግረው ፖፕአፕ የሚታየው ክፍል ነው፣ የማይታየው ነው የሚያሳስበኝ።


አዘዞ_ኬብል

ሰሜን አንቺ ለራስሽ ኮምፒውተር ልክ ነሽ፣ የቱን ስክሪፕት መፍቀድ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ለኮፒ ቤት ግን ጣጣ ነው። ዛሬ ያለ ስክሪፕት የሚከፈት ገጽ ስንት ነው? ልጁ ፎርሙን ሲከፍት ባዶ ነጭ ገጽ ይመጣል፣ ባለቤቱን ይጠራል፣ ባለቤቱ ፎቶ ኮፒ ላይ ነው፣ ሰልፉ ይቆማል። ከሁሉ የሚከፋው ክፍያ ነው። አንዳንድ ክፍያ ገጽ ማረጋገጫውን በአዲስ መስኮት ነው የሚከፍተው ወይም ከሌላ አድራሻ ስክሪፕት ጠርቶ ነው የሚጨርሰው፣ እዛ ላይ ስታግጂው ብሩ ሄዷል ደረሰኝ የለም፣ ተማሪው ደንግጦ ድጋሚ ይከፍላል። ማን ይመልስለታል ከዛ።

ለሱ መካከለኛው መንገድ ይሻለዋል። ዩብሎክ ኦሪጅን ላይ ቀዩን ጋሻ ስትነካ ከታች በኩል ትንንሽ ምልክቶች አሉ፣ አንዷ ያ ሳይት ላይ ፖፕአፕ በሙሉ ትዘጋለች፣ አንዷ ትልልቅ ቪዲዮና ፎቶ እንዳይወርድ ታረጋለች፣ የመጨረሻዋ ጃቫስክሪፕትን በሙሉ ለዛ ሳይት ብቻ ታጠፋለች። ሁልጊዜ የሚያስቸግሩትን የታወቁ ፒዲኤፍ ሳይቶች ላይ አንድ አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው ነው፣ ያስታውሰዋል።


ሰሜን_ነፋስ

የክፍያው ነገር እውነት ነው፣ እኔም ክፍያ ስከፍል ሌላ ፕሮፋይል ነው የምከፍተው ምንም ኤክስቴንሽን የሌለው። ለኮፒ ቤት ይሁን ይቅር እንበል 😄 ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ገጹ መሀል ላይ የሚዘረጋ ኢሜልህን አስገባ፣ ኩኪ ተቀበል፣ አፑን አውርድ የሚል መጋረጃ አለ አይደል፣ እሱ መስኮት አይደለም የገጹ አካል ነው፣ ስለዚህ የብሮውዘሩ ብሎከር አያየውም። ዩብሎክ ሴቲንግ ውስጥ ፊልተር ሊስትስ የሚል አለ፣ አኖያንስስ የሚለውን ክፍል ከፍተህ ምልክት አርግበት፣ ሲጫን አብሮ ኦን ሆኖ አይመጣም። እሱን ስታበራ ግማሹ መጋረጃ ይነሳል።


ጡረተኛው_አራዳ

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። የምትሉትን ሁሉ እያነበብኩ ነው፣ ግማሹ ገብቶኛል። እኔ ኮምፒውተር የለኝም ስልክ ነው ያለኝ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ኢንተርኔት ሳልከፍት ነው፣ ስልክ አውርቼ ስዘጋ ማስታወቂያ ሙሉ ስክሪኑን ይሞላዋል፣ አንዳንዴ ደወል እየጠራ ላንሳው ስል ይሸፍንብኛል። የልጅ ልጄ ጨዋታ ጭኖበት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ልጁ አሁን አዲስ አበባ ነው፣ በስልክ ሲነግረኝ አይገባኝም። በጽሑፍ ብታስረዱኝ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ።


ሰሜን_ነፋስ

አባቴ እንደምን አመሹ። እርስዎ ዘንድ ያለው ከብሮውዘሩ አይደለም፣ የተጫነ አፕ ነው፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። እንዲህ ያድርጉ፣ ማስታወቂያው ሲመጣ አይንኩት፣ ኤክስም ቢኖረው አይጫኑት። የተከፈቱትን አፖች የሚያሳየውን ቁልፍ ይንኩ፣ ብዙ ስልክ ላይ ከታች በኩል አራት ማእዘን ወይም ሶስት መስመር ያለበት ነው። የማስታወቂያው ምስል ከላዩ የአፑ ምልክት ይኖረዋል፣ ያ ነው ጥፋተኛው። ስሙን ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ አፕስ ገብተው እሱን ፈልገው አንኢንስቶል ይበሉት።

ምልክቱ ባዶ ከሆነ ወይም ካልታየ ሴቲንግስ ውስጥ መፈለጊያው ላይ ዲስፕሌይ ኦቨር አዘር አፕስ የሚለውን ያስፈልጉ። በሌላ አፕ ላይ መደረብ የተፈቀደላቸው አፖች ዝርዝር ይመጣል። የማያውቁት፣ የእጅ ባትሪ፣ ስልክ አጽጂ፣ ባትሪ ቆጣቢ የሚሉ ነገሮች እዚያ ውስጥ ካዩ ይንቀሏቸው። የእጅ ባትሪ ስልኩ ራሱ አለው፣ ሌላ አያስፈልግዎትም።

ይህ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ቢጨምሩ ደስ ይለኛል፣ ከተቸገሩ ግን ይተዉት። ስልክዎ አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል አለ። እዚያ ውስጥ ሆስትኔም የሚለውን መርጠው አድጋርድ የሚባለውን የማስታወቂያ ማገጃ አገልግሎት አድራሻ ይጽፉበታል፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ሳይነጣጠል፣ ዲኤንኤስ ነጥብ አድጋርድ ሰረዝ ዲኤንኤስ ነጥብ ኮም። ስልኩ አንድ ሳይት ወይም አፕ የማስታወቂያ ሰርቨር ሲጠራ አድራሻውን የለም ይለዋል፣ ብሮውዘሩ ብቻ ሳይሆን ሁሉም አፕ ላይ ይሰራል። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ግን አያቆምም፣ ማስታወቂያውና ቪዲዮው ከአንድ ቦታ ስለሚመጡ። ካፌ ወይም ሆቴል ዋይፋይ ላይ ኢንተርኔት እምቢ ካለዎት ያንኑ ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት።


ጡረተኛው_አራዳ

ተባረኪ ልጄ። የእጅ ባትሪ ያልሽው አለ፣ ሁለት ነው ያለው። አንዱን አሁን ነቀልኩት። የዲኤንኤሱን ነገ በብርሃን አየዋለሁ፣ መነጽሬ ማታ አይረዳኝም።


ፋሲል_እስከመጨረሻ

ጋሼ የእርስዎ ስልክ ላይ ሁለት የእጅ ባትሪ ካለ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩን ያበራሉ ማለት ነው 😂 ይቅርታ።

ቁም ነገሩ ግን፣ ስልክ ላይ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚደክመው። ፋየርፎክስ አንድሮይድ ላይ ግን ያው ዩብሎክ ኦሪጅን ይጫናል። ወይ እሱን ወይ ብሬቭን፣ ሁለቱም ነጻ።


ቡና_ከጠጣን_በኋላ

ሁላችሁም ማገድ ማገድ ትላላችሁ፣ ትንሽ ሳይት የከፈተ የሀገር ልጅስ በምን ይብላ? እኔ ስለ ቅርሳቅርስና ስለ ታሪክ የምትጽፍ ትንሽ ገጽ አለችኝ፣ ከጎን አንድ ማስታወቂያ ነው ያላት፣ አትዘልም አትጮህም። ጎብኚዬ ግማሹ ብሎከር ይዞ ሲመጣ ሆስቲንጉን የምከፍለው ከኪሴ ነው።


አዘዞ_ኬብል

ልክ ነህ፣ እኔም ለማንበብ የምመላለስባቸው ገጾች ላይ አጠፋዋለሁ። ቀዩን ጋሻ ነክተህ ትልቋን ፓወር ቁልፍ ስትጫን ለዛ ሳይት ብቻ ማገዱ ይቆማል፣ ድጋሚ እስክትቀይረው እንደዛው ይቆያል። ገጽህ ላይ በትህትና ንገራቸው፣ ሰው ይሰማል። ኤክሱን ደብቆ ሰውን የሚያዋርደው ግን ካንተ ጋር አንድ ላይ አይቆጠርም፣ እሱ ቢራብ አላዝንለትም።


ኮፒቤት_ማራኪ

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ኖቲፊኬሽኑን አጠፋሁት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የነበረውን ጉድ ብታዩት፣ ወደ ታች ስስበው ስስበው አያልቅም። ከዛ ወዲህ ጥግ ላይ ምንም አልመጣም፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ሰላም ነበር። ፋየርፎክስና ዩብሎክ ሁለቱ ላይ ጫንኩ፣ ፒዲኤፍ ሳይቱ ላይ ከነዛ አምስት ዳውንሎድ ቁልፎች አንዷ ብቻ ቀረች፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ገጹ ተቀየረ እንዴ እያሉ ነው።

ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። አንደኛ ሶስተኛው ኮምፒውተር አሮጌ ነው ዊንዶውስ 7 ነው፣ ፋየርፎክስ አልጫንም አለኝ። ሁለተኛ ደንበኛ ቁጭ ሲል ዩብሎኩን ቢያጠፋው ወይ የኖቲፊኬሽኑን ነገር መልሶ ቢከፍተውስ? እኔ እያንዳንዱ ሰው ጀርባ ቆሜ አልጠብቅ።


አዘዞ_ኬብል

ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር የሚባለው ነው፣ ከሞዚላ ራሱ ገጽ ላይ ኢኤስአር ብለህ ፈልገው፣ ዩብሎክም ይሰራበታል። ክሮምማ ለዊንዶውስ 7 ከ109 በኋላ የለም። እውነቱን ለመናገር ያን ማሽን ለጽሑፍና ለፕሪንት ብቻ ብታውለው ነው የሚሻለው፣ ዊንዶውሱ ራሱ ጥገና ካጣ ስንት ዓመቱ፣ ክፍያ ያለበትን ስራ እሱ ላይ እንዳታሰራ።

ለሁለተኛው ጥሩ መላ አለ። ፋየርፎክስ ለመስሪያ ቤቶች ብሎ የሰራው ፖሊሲ የሚባል ነገር አለው። ፋየርፎክስ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ፣ ሲ ድራይቭ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለው ማለቴ ነው፣ ዲስትሪቢዩሽን የሚል ፎልደር ትፈጥርና ፖሊሲስ የሚል የጄሶን ፋይል፣ መጨረሻው ነጥብ ጄሶን የሆነ የጽሑፍ ፋይል ማለት ነው፣ ታስቀምጥበታለህ። እሱ ውስጥ ዩብሎክ ኦሪጅን በግድ ይጫን ማንም አይንቀለው፣ ኖቲፊኬሽን ጥያቄ አይምጣ፣ ሴቲንጉም ይቆለፍ ብለህ ትጽፋለህ። ከዛ በኋላ ደንበኛው ሴቲንግ ውስጥ ቢገባም ያቺ ምርጫ ደብዝዛ ነው የሚያገኛት። አንድ ሳይት ላይ በጋሻው ለጊዜው ማጥፋት ይችላል፣ እሱን ተወው አንዳንዴ ለክፍያ ያስፈልጋል። ፋይሉን አዘጋጅቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፣ አንተ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

እግረ መንገድህን ብሮውዘሩ ሲዘጋ ኩኪና ሂስትሪ እንዲጠፋ አርገው። ተማሪው ኢሜሉን ከፍቶ ሳይወጣ ነው የሚሄደው፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ደንበኛ የሚቀመጥበት የዊንዶውስ አካውንት ደሞ አድሚን አይሁን፣ ተራ ዩዘር ክፈትላቸው። አለዚያ ፋይሉንም ያጠፉታል፣ ዳውንሎድ ብለው የመጣላቸውን ኢኤክስኢ (የፕሮግራም ፋይል) ይጭኑብሃል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ቫይረስ የሚገባው።


ኮፒቤት_ማራኪ

ፋይሉ ደርሶኛል አስቀመጥኩት፣ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ኖቲፊኬሽኑ አሁንም ይከፈታል ይዘጋል።


አዘዞ_ኬብል

አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት ብለህ ሁለት ነጥብ ከዛ ፖሊሲስ ብለህ አስገባ፣ በእንግሊዝኛ ሳትነጣጥል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ፋይሉን አላገኘውም ማለት ነው። ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻ ስለሚደብቅ ጄሶን ያልከው ከጀርባ ቴክስት ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ቪው ውስጥ ገብተህ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን አብራና እየው። ከዛ ፋየርፎክሱን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ ክፈተው።


ኮፒቤት_ማራኪ

ቴክስት ሆኖ ነበር 🤦 አሁን ተቆልፏል። ሁለተኛው ላይ ልቀጥል።